ጅማ 5፣ ኦስካር እና ይሉኝታ

ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ፊልም በፍላሽ የሚጭን ልጅ አለ። ሱቁ ከአንድ በር አትሰፋም። ፊት ለፊት የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና ኢርፎን ተንጠልጥሏል። ከኋላ አንዲት የደከመች ኮምፒውተር አለች፤ ጭነት ሲበዛባት እንደ ሽማግሌ ታቃስታለች። በቀደም ሄጄ «ምርጥ ፊልም ተብለው ኦስካር የወሰዱትን ጫንልኝ፤ ከቅርብ ዓመታት ጀምረህ ወደ ኋላ» አልኩት። ልጁ ማውሱን እያሽከረከረ ዝርዝሩን ወረደ። አንዱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄ ይቅርብህ።»

(መጀመሪያ የቆጠቆጠኝ ጋሼ ማለቱ ነው። ገና 38 ዓመቴ ነው።)

«ለምን?»

«የእነሱ ነገር አለበት። አጀንዳ ነው። ኦስካሩንም ለዛ ብለው ነው የሰጡት።»

«አይተኸዋል?»

«ኧረ ማሎ! እኔ እንዲህ ዓይነቱን አላይም።»

ፊልሙ «ሙንላይት» ነበር፤ ባለታሪኩ ጌይ ነው። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። አንደኛው የሰፈራችን የዕድር ዳኛ ናቸው፤ ቻርጀር ሊገዙ መጥተዋል። ዞር ብዬ አየኋቸውና «እሺ፣ እሱን ዝለለው» አልኩ። ፍላሼን ተቀብዬ ወጣሁ።

ንዴቱ የመጣው መንገድ ላይ ነው። በልጁ አይደለም፤ በራሴ ነው። ፊልሙን ከዓመታት በፊት አይቼዋለሁ፤ ወድጄዋለሁም። የሄድኩት ድጋሚ ላየው ነበር። ለሁለት ሰው ዓይን ብዬ ግን «ዝለለው» አልኩ።

ፈረንጆቹ «ፖለቲካል ኮሬክትነስ» የሚሉትን ነገር በአማርኛ ለማስረዳት ብዙ ሰው ሲቸገር አያለሁ። «ፖለቲካዊ ትክክለኛነት» ብለው ይተረጉሙታል፤ ማንም አይገባውም። እኔ ከይሉኝታ የቀረበ ቃል አላገኘሁለትም። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ያላመኑበትን መናገር፣ ያመኑበትን መዋጥ። ልዩነቱ «ሰው» የሚባለው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። የሆሊውዱ ጋዜጣውንና ትዊተሩን ይፈራል። እኔ የዕድር ዳኛውን እፈራለሁ።

ፊልም ማየት የጀመርኩት ቪዲዮ ቤት ነው። ከጅማ መርካቶ ጀርባ፣ የጭቃ ቤት፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ። አግዳሚው ጣውላ ነው። ፊት ለፊት ያሉት መሬት ላይ ይቀመጣሉ። የአኮስቲክ ነገር አይወራም፤ ዝናብ ከጣለ ቆርቆሮው ፊልሙን ይውጠዋል። ዝናብ ደግሞ በጅማ እንግዳ አይደለም።

ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምንለው። እንግሊዝኛ ይችላል ይባል ስለነበር እያጫወተ ይተረጉምልናል። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ «አሁን አለቃው ከዳው፣ ይገድለዋል» ይላል። አንዳንዴ ከገዳዩ ቀድሞ ይነግረናል። ወንድና ሴት ሊሳሳሙ ሲጠጉ ጋቢውን ይዘረጋና ስክሪኑን ይጋርዳል። ቤቱ በፉጨት ይናወጣል። እሱ ንቅንቅ አይልም። «እናንተ ልጆች ናችሁ፣ ወላጆቻችሁ ምን ይሉኛል?» ይላል። ይሉኛል! አያችሁ?

አንድ ቀን በአንዱ ፊልም ሁለት ወንዶች ተቃቀፉ። ረጅም ነበር፤ ከሰላምታ ያለፈ። ጋሼ ጋቢውን ላንሳ አላንሳ ብሎ ተቸገረ። እጁ መሀል ላይ ቀረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ወንድማማቾች ናቸው። በጦርነት ተለያይተው ነው» አለን። አመንነው። አንድ ሁለቱማ አለቀሱ መሰለኝ። የፊልሙን ስም ዛሬም አላውቀውም። ወንድማማቾች እንዳልነበሩ የገባኝ ግን ጎልምሼ ነው፤ አንድ ማታ ጥርሴን እየፋቅኩ ድንገት ብልጭ አለልኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሁሌ ከፊት የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ከእኔ በአንድ ዓመት ቢበልጥ ነው። የተዋንያኑን ስም በሙሉ ያውቃል፤ ማን ከማን ጋር በየትኛው ፊልም እንደሠራ ይነግርሃል። ድምፁ ለስለስ ያለ ነው፤ ሲራመድም ቀስ ይላል። ሴታሴት እንለው ነበር። እኔም እለው ነበር። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ አስቤበት አላውቅም፤ ሌላው ስላለ እላለሁ። ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ።

በ1998 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ «ብሮክባክ ማውንቴን» የሚባል ፊልም ኦስካር ሊወስድ ነው ተብሎ ዓለም ተንጫጫ። ዐቢይ ጾም ከገባ ሳምንት ሆኖታል። (ኦስካር ጾም ላይ መዋል ይወዳል። በ2017 ዓ.ም.ማ የዓድዋ በዓል ማግስት ሆነና ረመዳኑም ዐቢይ ጾሙም አንድ ላይ ገጠሙ።) ያኔ 18 ዓመቴ ነው። ኢንተርኔት ቤት ገብቼ አንድ ገጽ እስኪከፈት ጣራ እያየሁ ስለ ፊልሙ አነበብኩ። ሁለት የበግ እረኞች ናቸው። አሜሪካ፣ ዋዮሚንግ፣ እ.ኤ.አ. 1963። ተራራ ላይ በግ ሲጠብቁ ይዋደዳሉ፤ ከዚያ ሃያ ዓመት ሙሉ ተደብቀው ይገናኛሉ።

ፊልሙ የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ ወስዷል። ለኦስካር 8 ዕጩነት ነበረው። አንግ ሊ ምርጥ ዳይሬክተር ተባለ፤ በዚህ ዘርፍ ሲሸለም የመጀመሪያው እስያዊ ነው። ከዚያ ጃክ ኒኮልሰን የመጨረሻውን ፖስታ ከፈተ። «ክራሽ» አለ። ራሱም ደነገጠ፤ ቅንድቡን ሰቅሎ «ዎው» ሲል ይታያል።

እኛ ቡና ቤት ቁጭ ብለን ፈረድን። «ደግ አደረጉ!» አልን። እኔ ከሁሉም ይበልጥ ጮክ ብዬ። አንዱ ጓደኛችን ብቻ «ግን አይታችሁታል?» አለ። ዝም አስባልነው። ማናችንም አላየነውም። የት አግኝተን እናየዋለን?

ለዓመታት ይህን ነገር የድሃ አገር ችግር አድርጌ አስበው ነበር። ፊልሙ አይደርሰን፣ ኢንተርኔቱ አይከፍት፣ ምን እናድርግ? በኋላ ሳነብ ግን ፊልሙ በነፃ ቤታቸው ድረስ የሚላክላቸው፣ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ አባላትም እንደኛው ነበሩ። ቶኒ ከርቲስ ፊልሙን አላየሁትም፣ የማየትም ሐሳብ የለኝም ብሎ በቴሌቪዥን ተናገረ። ራሱ በምርጥ ተዋናይነት ኦስካር የወሰደው ኧርነስት ቦርግናይንም አላየሁትም፣ ማየትም አልፈልግም አለ። ጆን ዌይን ይህን ቢያይ መቃብሩ ውስጥ ይገላበጥ ነበር ብሎ ጨመረበት። ድምፅ የሚሰጡ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። ከእኛ ቡና ቤት የሚለያቸው ሱፋቸው ብቻ ነው።

ነገሩ የሚያስቀው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። ያሸነፈው «ክራሽ» ስለ ምንድን ነው? ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስላለ ዘረኝነት። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ፋርሱ፣ ኮሪያው እየተጋጨ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ትንሽ ትንሽ እየተጸጸተ። ለአካዳሚ አባል ከዚህ የበለጠ ሥነ ሥርዓት ያለው ፊልም አይገኝም። ዘረኝነት መጥፎ ነው ብለህ ድምፅህን ሰጥተህ በንጹሕ ሕሊና ትተኛለህ። ስለዚህ ያን ማታ ይሉኝታ ተሸነፈ የሚሉኝ አይገባኝም። አንዱ ይሉኝታ ሌላውን ይሉኝታ አሸነፈው እንጂ። የበለጠ የማያሳፍረው ወሰደ። ዳይሬክተሩ ፖል ሀጊስ ራሱ ከዓመታት በኋላ ተጠይቆ፣ የዓመቱ ምርጥ ፊልም የእኔ ነበር ብዬ አላስብም ብሏል። ሰውዬውን ለዚህ አከብረዋለሁ።

ቀን ቀን የምሠራው የአንድ ቡና ነጋዴ ሂሳብ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ምን ቀረኝ። ስለዚህ ነገር ሁሉ የሚገባኝ በቡና ነው፤ ታገሱኝ።

ቡና ለደረጃ ሲቀርብ ናሙናው ቁጥር ብቻ ይሰጠዋል። ቀማሹ የማን እንደሆነ አያውቅም። የሚኒስትር ይሁን የድሃ ገበሬ፣ ቁጥር ነው። በማንኪያ ጨልፎ፣ ድምፅ እያሰማ ምጎ፣ ይተፋዋል። ከዚያ ነጥቡን ይጽፋል። ቆሜ ሳያቸው ሁሌ ይገርመኛል። አንዴ አንዱ ቀማሽ ስለ ሥራው ስጠይቀው «ስሙን ካወቅኩ ምላሴ ይዋሻል» አለኝ።

ገበያው ግን እንደ ቀማሹ አይደለም። በዓለም የቡና ገበያ «ጅማ 5» የሚባል ስም አለ። ያልታጠበ፣ አምስተኛ ደረጃ ማለት ነው። ርካሽ፣ ለመደባለቂያ የሚሆን። የከተማችን ስም ከዚያ ቁጥር ጋር ተጣብቆ ስንት ዘመን ኖረ። የጎማ ወረዳ ገበሬ ቀይ ቀዩን ለቅሞ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ አድርቆ፣ እንደ ማር የሚጣፍጥ ቡና ቢያመጣ እንኳ ገዢው «ጅማ ነው?» ብሎ ፊቱን ያዞራል። አሁን አሁን አጋሮ በራሷ ስም መጠራት ጀምራለች፤ እሰየው። በተገላቢጦሹ ከረጢቱ ላይ ይርጋጨፌ የሚል ካለበት ሳይቀመስ ዋጋው ይወጣል። መካከለኛ ቡናም ቢሆን።

የጌይ ነገር ያለበት ፊልም በሽልማት ዓለም የሚደርስበት ይሄው ነው። ለአንዱ ሰው ጅማ 5 ነው፤ ሳይቀምሰው ይጥለዋል። ለሌላው ይርጋጨፌ ነው፤ ሳይቀምሰው ያነሳዋል። ሁለቱም ያነበቡት ከረጢቱን ነው።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ይህን ጉዳይ ስታነሳ ገና ስም ስትመርጥ ፈርደሃል። ሕጉ የሚጠቀምበት ቃል አለ፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ላይ ተቀምጧል፤ ድርጊቱም በአገራችን ያስቀጣል። እሱ ቃል ከፍርድ ቤትና ከሰንበት ስብከት የመጣ ስለሆነ ስለ ፊልም ለማውራት አይመቸኝም። ስለዚህ ሰው በስልኩ የሚጽፈውን «ጌይ» እጽፋለሁ። ሃይማኖት አለኝ፣ የማምንበትን አምናለሁ። ፊልም ግን ፊልም ነው፤ ገዳይ የሚገድልበትን ፊልም ሳይ ነፍስ መግደልን እየደገፍኩ አይደለም።

ሽልማቱ ሳይቀምስ ያነሳል ያልኩትን ግን ልብ በሉ። እዚህ ላይ የፍላሹ ልጅ ትንሽ እውነት አለው። ትንሽ ብቻ።

የኦስካርን የድሮ መዝገብ ካያችሁ አንድ ልማድ ታገኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 ዊልያም ኸርት፣ በ1994 ቶም ሃንክስ፣ በ2009 ሾን ፔን፣ ሦስቱም ጌይ ሰው ሆነው ተጫውተው የምርጥ ተዋናይነት ኦስካር ወሰዱ። ሦስቱም ጎበዞች ናቸው፤ በተለይ ሃንክስ «ፊላዴልፊያ» ላይ እየከሳ ሲሄድ ማየት ያማል። ግን ሦስቱ ገጸ ባሕርያት መጨረሻቸው ምንድን ነው? አንዱ በጥይት፣ አንዱ በኤድስ፣ አንዱ በነፍሰ ገዳይ። ሦስቱም ሞቱ። ተዋንያኑ ደግሞ ሦስቱም ከመድረክ ወርደው ወደ ሌላ ሕይወታቸው የሚመለሱ ናቸው።

እኛ ለዚህ ቃል አለን፤ ከንፈር መምጠጥ። አካዳሚው ለብዙ ዘመን የሸለመው ከንፈር የሚያስመጥጠውን ነው። ለሟች ማዘን ቀላል ነው። ለቅሶ ቤት ጠላትም ይመጣል፤ ንፍሮም ይቀምሳል። ሰውዬው በሕይወት ካለ፣ ከጎረቤት ተቀምጦ ሽንኩርት እየከተፈ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። ብሮክባክም ቢሆን አንዱ ይሞታል፤ የቀረው ግን ሸሚዙን ይዞ መኖሩን ይቀጥላል። እሱን ነው መሰለኝ ያልቻሉት።

ከዚያ ሙንላይት መጣ።

የካቲት 20 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት። በእኛ ሰዓት ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ገና እሑድ ማታ። ዋረን ቢቲና ፌይ ደናዌይ ፖስታ ይዘው ወጡ። የተሰጣቸው የምርጥ ተዋናይት ፖስታ ነበር፤ ተሳስቶ። ቢቲ ካርዱን አየ፣ ደግሞ አየ፣ ግራ ገባው። ለደናዌይ ሰጣት። እሷ «ላላ ላንድ» አለች። የላላ ላንድ ሰዎች ወጥተው ንግግር እያደረጉ፣ እየተሳሳሙ ሳለ ስህተቱ ታወቀ። ከራሳቸው ፕሮዲውሰሮች አንዱ ማይክ ይዞ፣ ያሸነፋችሁት እናንተ ናችሁ፣ ቀልድ አይደለም ብሎ ለሙንላይት ልጆች ሰጣቸው። እናቴ ቪዲዮውን ሳሳያት «ሙሽራ ተሳስተው አምጥተው ሲመልሱ አየሁ እንዴ» አለች።

በጅማ ያን ሳምንት የሆነው ግን ይበልጥብኛል። የሙንላይቱ ማህርሻላ አሊ በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ወስዷል፤ በትወና ኦስካር ያሸነፈ የመጀመሪያው ሙስሊም ተብሎ በዓለም ተዘገበ። የሰፈሬ ልጆች ዜናውን በፌስቡክ ተቀባበሉት። ማሻአላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ የልብ ምልክት። አብሮ አደጎቼ ፎቶውን ፕሮፋይል አደረጉት። ሰውየው የወሰደው በየትኛው ፊልም፣ ፊልሙስ ስለ ምን እንደሆነ የጠየቀ አንድም ሰው አላየሁም። እኔም አልነገርኳቸውም። ደስታቸውን ምን አበላሽቶ!

ፊልሙ ስለ አንድ ማያሚ ስለሚኖር ጥቁር ልጅ ነው። ሲወለድ የተሰጠው ስም ሺሮን ነው። በሦስት ዕድሜ ነው የምናየው፤ ሕፃን፣ ጎረምሳ፣ ትልቅ ሰው። እናቱ ሱስ ይዟታል። የሠራው ባሪ ጄንኪንስ ነው፤ በጀቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ለሆሊውድ ይህ የሻይ ነው። ዋና ባለታሪኩ በግልጽ ጌይ የሆነ ፊልም ምርጥ ፊልም ሲባል የመጀመሪያው ተደርጎ ይጠቀሳል። ኦስካር መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው፤ ይህ 89ኛው ነበር። አጀንዳ ከሆነ በጣም የዘገየ አጀንዳ ነው።

ማህርሻላ አሊ የሚጫወተው ሁዋን የሚባል ዕፅ አዘዋዋሪ ነው። ልጁን ያስጠጋዋል፤ ባሕር ውስጥ ይዞት ገብቶ ዋና ያስተምረዋል። አንድ ቀን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ትንሹ ልጅ ይጠይቀዋል። ልጆች የሚሰድቡበት አንድ ቃል አለ፣ ምን ማለት ነው? ሁዋን ያስባል። ከዚያ በእርጋታ፣ እንዲህ ዓይነት ሰዎችን ለማሳቀቅ የሚባል ቃል እንደሆነ ይነግረዋል። ሌላ ማብራሪያ የለም። ስብከት የለም። ጠረጴዛው፣ ብርጭቆው፣ የልጁ ዓይን።

እዚያ ላይ ነው የቪዲዮ ቤቱ ልጅ የመጣብኝ። ሴታሴት። ልጁ ምን ነበር፣ ምን አልነበረም፣ አላውቅም። ድምፁ ለስላሳ ነበር፣ ፊልም ይወድ ነበር፤ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ቃሉን ስለው ዞር ብሎ አይቶኝ ያውቃል። አንድ ክረምት መምጣት አቆመ። አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ሄደ ተባለ። ቦታውን ሌላ ልጅ ያዘው፤ እሱ ግን የተዋናይ ስም አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ «ይሄ ሰውዬ የትኛው ፊልም ላይ ነበር?» ብለን የምንጠይቀው አጣን።

እንግዲህ ሙንላይት ኦስካሩን በይሉኝታ ነው የወሰደው ወይ? ሁለት ነገር ላስታውሳችሁ። አንደኛ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ለትወና የታጩት 20 ሰዎች በሙሉ ነጮች ነበሩ። ትልቅ ጩኸት ተነሣ፤ አካዳሚውም አባላቱን ሊያበዛ፣ ሴቶቹንና ነጭ ያልሆኑትን እ.ኤ.አ. እስከ 2020 በእጥፍ ሊያሳድግ ወሰነ። ስለዚህ ያ ግፊት አልነበረም ማለት አልችልም፤ ነበር።

ሁለተኛው አመራረጡ ነው። ብሮክባክ በተሸነፈበት ዘመን አምስት ፊልም ነበር፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ግን ለምርጥ ፊልም መራጩ ዕጩዎቹን በቅደም ተከተል ነው የሚያስቀምጠው። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ፊልም ይወጣና፣ እሱን አንደኛ ያሉት ወረቀቶች ወደ ቀጣይ ምርጫቸው ይተላለፋሉ። እንዲህ እያለ ይሄዳል። በዚህ አሠራር የሚያሸንፈው አንዳንዱ የሚሞትለት ፊልም ሳይሆን ብዙው ሰው ሁለተኛ ሦስተኛ የሚያደርገው ነው። የዕድር ዳኛ አመራረጥ በሉት። የሰፈራችንን ዳኛ ማንም ለይቶ አልወደዳቸውም፤ የሚጠላቸው ግን አልተገኘም። ተመረጡ። (ቻርጀር ሲገዙ ያየኋቸው እሳቸው ናቸው። ደግ ሰው ናቸው።) በዚህ ዘዴ ሰው የሚጸየፈው ፊልም አያሸንፍም። ሙንላይት ካሸነፈ ብዙ ሰው አይቶ ወዶታል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የአካዳሚው ደንብ ደግሞ የበለጠ ሰው አስቆጥቷል። ለምርጥ ፊልም ለመወዳደር ከአራት መመዘኛ ሁለቱን ማሟላት አለብህ ይላል፤ ሴቶች፣ ጥቁሮች፣ ጌዮች፣ አካል ጉዳተኞች እና ሌሎችም እንዲካተቱ። እኛ ጋ ሲደርስ «ጌይ የሌለበት ፊልም አይሸለምም» ሆኖ ደረሰ። ደንቡን ብታነቡት እንዲያ አይደለም። ታሪኩ ከአራቱ በሮች በአንዱ ውስጥ ብቻ ነው ያለው፤ በተለማማጅ ሠራተኛና በማስታወቂያ ክፍል ኃላፊዎችም ይገባል። ደንቡ ሥራ ላይ በዋለበት የመጀመሪያ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ማን አሸነፈ? «ኦፐንሃይመር»። ባርኔጣ ያደረጉ ነጭ ወንዶች ለሦስት ሰዓት ስለ ቦምብ የሚከራከሩበት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ደንቡ ፊልም አልቀየረም፤ ቅጽ ጨመረ። ቅጽ መሙላት ደግሞ ጥበብን ሲያሻሽል አላየሁም።

ለማስደሰት ብለው ይሸልማሉ ለሚሉ «ኤሚሊያ ፔሬዝ»ን አነሳላቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 በ13 ዕጩነት መጣ። ፆታውን ስለሚቀይር የሜክሲኮ ዕፅ ነጋዴ ነው፤ በዘፈን። ለማን ደስ እንዲለው ነው የታጨው? ሜክሲኮዎች ተቆጡ። የጌይና የትራንስ ሰዎችን ጉዳይ የሚከታተለው ግላድ የሚባለው ድርጅት ፊልሙን ወደ ኋላ የሚመልስ ብሎ ነቀፈው። ዋና ተዋናይቷ፣ በግልጽ ትራንስ ሆና ለምርጥ ተዋናይት የታጨች የመጀመሪያዋ፣ ድሮ ሙስሊሞችን የሰደበችበት ጽሑፍ ከትዊተር ተቆፍሮ ወጣ። ዘመቻው ፈረሰ። ከ13ቱ 2 ወሰደ። እኔም አይቼው አልወደድኩትም፤ ዘፈኑ አንድም አልተያዘልኝም።

ወደ ቅርባችን ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ «ራፊኪ» የሚል ፊልም ሠራች። በስዋሂሊ ጓደኛ ማለት ነው። ናይሮቢ ውስጥ ስለሚዋደዱ ሁለት ሴት ልጆች ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ለሚካሄደው የካን ፊልም ፌስቲቫል የተመረጠ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ሆነ። አገሩ ላይ ታገደ። ለኦስካር ለመላክ ግን አንድ ፊልም በአገሩ ቢያንስ ለሰባት ተከታታይ ቀናት መታየት ነበረበት። ዳይሬክተሯ ፍርድ ቤት ሄደች። ፍርድ ቤቱ እገዳውን ለሰባት ቀን ብቻ አነሳላት። ሰባት ቀን! ናይሮቢዎች ተሰልፈው ገቡ፤ አዳራሹ ሞላ። በስምንተኛው ቀን እንደገና ተከለከለ። ለኦስካር የተላከው ሌላ ፊልም ሆነ። ስለዚህ ታሪክ ሳስብ የሚታየኝ ሽልማቱ አይደለም። ያ ሰልፍ ነው። የከረጢቱን ስም ሰምተው፣ ልቅመሰው ብለው የቆሙት። ከመካከላቸው አስቀያሚ ነው ብሎ የወጣም ይኖራል። መብቱ ነው፤ አይቷልና።

እኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ፊልም የለንም፤ ሊኖረንም የሚችል አይመስለኝም። ግን «ላምብ»ን አስታውሳለሁ፤ በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ2015። ያሬድ ዘለቀ ነው የሠራው፤ ለኦስካርም አገራችን የላከችው እሱን ነበር። አንድ እናቱ የሞተችበት ልጅ አለ፤ በግ አለችው፤ ወጥ መሥራት ይወዳል። አጎቱ ይቆጣዋል። ወንድ ልጅ ማረስ ነው እንጂ ጓዳ ምን ይሠራል? ከፆታ ፍቅር ጋር የተያያዘ ነገር የለበትም። አንድ ልጅ ቅቤ ማንጠር ስላወቀ ብቻ ሰው እንዴት እንደሚያየው ነው። አብረውኝ ካዩት አንዱ ሹክ ብሎ «ሴታሴት ነገር ነው» አለኝ። ገረመኝ። ቃሉ እንዲህ ቅርብ ነው፤ ቁንጥጫ ጨው ያህል ነው የሚፈልገው።

በነገራችን ላይ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ አዲስ ደንብ አወጣ። ከእንግዲህ በመጨረሻው ዙር ድምፅ ለመስጠት መራጩ በዘርፉ የታጩትን ፊልሞች ሁሉ ማየት አለበት። ዜናውን ሳነብ የጠጣሁት ቡና ሊያንቀኝ ነበር። እስከዛሬ ግዴታ አልነበረም ማለት ነው!

ቅዳሜ ማታ ሙንላይትን ቤት አየሁት። ከቴሌግራም አወረድኩት፤ ሁለት ሌሊት ፈጀ። ታናሽ ወንድሜ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ኢንጂነሪንግ ይማራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። የፍላሹን ልጅ የሚመስል ነገር ነው፤ በአጀንዳ የሚያምን። «ምንድን ነው የምታየው?» አለኝ። ነገርኩት። «እሱማ ለፖለቲካ የተሰጠ ነው» አለ። «ቁጭ በል» አልኩት። በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ፤ ስልኩን ግን አልለቀቀም።

ሁዋን ልጁን ዋና ሲያስተምረው ወንድሜ ስልኩን አስቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ልጁ ሲጠይቅ ቡናዬን ወስዶ ጠጣብኝ፤ ያውቀው አይመስለኝም። አንድ ቦታ ላይ ፊቱን አዞረ። እኔም ትንሽ ተሳቀቅኩ፤ እናቴ ጓዳ ነበረች። ጋሼና ጋቢው ትዝ አሉኝ።

ሲያልቅ ብዙ ዝም አለ። እኔም አልጠየቅኩትም።

«ሦስተኛው ክፍል ይንቀረፈፋል» አለ በመጨረሻ።

«ምን?»

«ትልቅ ሰው የሆነበት። ምግብ ቤቱ ውስጥ። ዝም ብለው ይተያያሉ። እኔ ብሆን ዐሥር ደቂቃ እቆርጥ ነበር። ኦስካሩንም ለላላ ላንድ ነበር የምሰጠው።»

«አብደሃል? ምርጡ እኮ እሱ ነው! አብስሎ ሲያቀርብለት አላየህም? ሰውየው ምን ያህል ዓመት ማንም አብስሎ አልሰጠው ይሆን?»

«አየሁ። ግን ይንቀረፈፋል።»

«የመጀመሪያው ክፍል ነው እንዴ የሚበልጠው?»

«በጣም። ሁዋን ከሄደ በኋላ ፊልሙ ባዶ ሆነ። ሰውየውን ለምን አጠፉት?»

እሱስ እውነቱን ነው፤ እኔንም ሁሌ የሚከነክነኝ ነገር ነው። ግን አልተቀበልኩትም። ባሕሩን አነሳሁ፣ እሱ ሙዚቃውን አነሳ፣ ወደ ኋላ መልሰን አንዱን ቦታ ደግመን አየነው። አራት ሰዓት ሲያልፍ እናቴ ከመኝታ ቤት፣

«ኧረ እናንተ ልጆች፣ ጎረቤት ምን ይለናል!» አለች።